አባቴ በሞርሲቶ የሰጠው መልስ

መስቀል ሲቃረብ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ጉራጌዎች የሚነግዱበት መስመር ጭር ይላል። ባለሱቆቹ ቆላልፈው ክትፏቸውን ፍለጋ አገራቸው ይገባሉ። ዘንድሮም ስኳር ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በመበሳጨት ፈንታ አባቴ ናፈቀኝ። በዚህ ዕድሜ አባት መናፈቅ ያሳፍር ይሆናል፤ እኔን ግን አላሳፈረኝም።

አባቴ ግራዝማች በርጋ ከጉራጌ አገር፣ ከቸሃ መጥቶ በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ላይ ሀብታም የሆነ ነጋዴ ነበር። ወፍጮው የእሱ፣ በርበሬና ቡና የሚያመላልሱት መኪኖች የእሱ። ወንድሙን አውራጃ ጽሕፈት ቤት፣ ታላቅ ወንድሜን አዲስ አበባ ሚኒስቴር አስገብቷል። የቀረችው የፓርላማ ወንበር ነበረች፤ እሷንም ሊወዳደርባት ተነሳ። እንደዚያ የተመኘው ነገር አላየሁም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ወደ ቸሃ በሚወስደው መንገድ ወዳለው የሀዲያ መንደር፣ ሞርሲቶ፣ ለቅስቀሳ ይዞኝ ሄደ። የእሱ ሀዲይኛ ለገበያ እንጂ ለንግግር አይበቃም፤ ለእኔ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ያደግሁበት ቋንቋ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ግራና ቀኙ በዝናብ የታጠበ እንሰት ነበር። ሽማግሌዎቹ አተካና አቀረቡልን፤ ቡላው በወተት በስሎ ቅቤ የዋኘበት። እስካሁን ጣዕሙ አፌ ላይ አለ። አባቴ ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት ተናገረ፤ እኔ ተረጎምኩ።

ሲጨርስ ላምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሱ።

"ንግግሩ መልካም ነው። ነገር ግን እናታቸው ሲሞቱ አስከሬናቸውን በደጃችን አሳልፈው አገራቸው ወስደው ቀበሩ። እሳቸውስ የት ነው የሚቀበሩት?"

ተረጎምኩለት።  መልሱንም ሳልጠብቅ በአማርኛ፣ "አባባ፣ እዚሁ በላቸው! በቃ እዚሁ በል!" አልኩት።

"እናቴ አጠገብ ነው። ቃል ሰጥቻታለሁ" አለ። "እንዳልኩሽ ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እውነቱን ተናገሩ። እንግዳ ይከበራል፤ ቤቱን ወክሎ እንዲናገር ግን አይላክም" አሉና መረቁን።

አባቴ በምርጫው ተሸነፈ። ውጤቱ በተሰማ ቀን እኔ ሳለቅስ እሱ ሳቀ።

"ምን ያስለቅስሻል? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው" አለኝ። ራቱን ግን አልበላም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ አባቴ ሞተ። አስከሬኑን ጭነን ወደ ቸሃ ስንሄድ ሞርሲቶ ላይ መንገዱ በሰው ተዘግቶ ጠበቀን። ላምቤቦ መኪናውን አስቆሙ።

"ጥቂት እኛ ዘንድ ይረፉ" አሉ።

ሬሳውን አውርደው፣ ስሙን እየጠሩ በሀዲይኛ አለቀሱለት፤ እንደ ራሳቸው ሰው። ከዚያም ተሸክመው ከመንደሩ ዳርቻ አደረሱት።

እኔ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ ባሌንም እዚሁ ቀበርኩ። በቀደም ልጆቼ ዙሪያ ጥምጥም ሲያወሩ ቆይተው፣ ያው እየፈሩ፣ ስሞት የት እንደምቀበር ጠየቁኝ። አባታቸው አጠገብ፣ እዚሁ ሆሳዕና አልኳቸው። ደስ አላቸው። እውነቴን ነው፤ የአባቴ ልጅ በዚህ ነገር አትዋሽም። እነሱ ሲወጡ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባቴ ከእናቱ ጋር ነው፤ በእኔና በእሱ መካከል ግን ያ ሁሉ መንገድ ይቀራል።