ለጊዮርጊስ የተገዛው ጥላ

ባለፈው ሳምንት ነጭ ነጠላዬን ከልጄ ቀይ ሹራብ ጋር ዘፍዝፌው ሮዝ ሆኖ ወጣ። ልጄ ደነገጠች፤ እኔ ግን ሳፋው ላይ እንዳጎነበስኩ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ላስታ እያለን፣ በአንድ ክረምት የእናቴም የእኔም ነጠላ እንዲሁ ሮዝ ሆኖ ነበርና። እስቲ ላጫውታችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሲዘምት እናቴ «ልጄን በሰላም ቤቴ ካስገባህልኝ የከፋይ ጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳለች። ጦርነቱ አለቀ። ወንድሜ ጭረት እንኳ ሳይነካው ጋሸና ከተማ መድረሱ ሲሰማ፣ እልል እያለች ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ገዛች። በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲመጣ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ከእሱ በቀር ማንም አልሞተም። ጠላት የለ፣ ጠብ የለ፤ በቃ ፍሬኑ እምቢ አለ።

አርባው ከወጣ በኋላ እናቴ ጊዮርጊስን አኮረፈችው። ደጁን መሳለም ተወች። እንቅፋት ሲመታት እንኳ እንደ ድሮው እሱን መጥራት ትታ ወደ ሚካኤል ዞረች። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የስለቱን ጥላ ዘርግታ ቅዳሜ ገበያ ወጣች።

አገር ጉድ አለ። ጎረቤታችን ደብተራው መንገድ ላይ አስቁሟት «ከጦርነቱ ተመልሷል፤ ጥላው የታቦቱ ነው» ሲላት፣ «ያልሁት ቤቴ እንዲገባ ነው። ገባ?» አለችው። ደብተራው እያማተበ አለፈ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜን በጣም እወደው ነበር፤ ቢሆንም የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ በወርቃማ ዘርፍ ሥር እየተንጎራደድኩ ነው። እርጥቡ ከፋይ ይሸተኛል፤ ቀለሙ እየለቀቀ ነጠላችን ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ኩራቴ አልቀነሰም።

አንድ ቅዳሜ የንስሐ አባታችን ከፊታችን ሲመጡ አየሁ። ሊያወግዟት ነው አልኩ። እሳቸው ግን ጥምጥማቸውን በእጃቸው ከልለው፣ «ልጄ፣ እስቲ እኔንም አስጠጊኝ፤ በሰበስሁ'ኮ» አሉ። እናቴ ምን ትበል? አስጠጋቻቸው። ሦስታችን ተጣብበን ስለ ገብሱ አረምና ስለ በሬያቸው ስንፍና እያወራን ሄድን። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። የራሳቸው ጃንጥላ እንዳላቸው ያወቅኩት በጣም ቆይቼ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ «ዛሬ እንኳ እስከ ደጁ ሸኚኝ» አሏት። ፊቷን አጨማደደች፤ ግን ሸኘቻቸው። ከአለቱ የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ከእግራችን በታች ነው፤ የመስቀል ቅርጽ ባለው ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። እናቴ ከጫፉ ቆማ ቁልቁል አየችው።

«ከዚያ ሁሉ ጥይት አውጥተኸው፣» ብላ ጮኸች፣ «ከአንድ ጭነት መኪና ማውረድ አቃተህ?»

በፍርሃት ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔም ይኸንኑ ስጠይቀው ነው የከረምሁ» አሉ የንስሐ አባታችን በቀስታ። «አልመለሰልኝም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ብለው ነው በየጠዋቱ ደጁ የሚመጡ?»

«ካልመጣሁማ ማንን እጠይቃለሁ?»

እናቴ ጥላውን አስጨበጠቻቸው፤ ጫማዋን አወለቀችና በዝናቡ ብቻዋን ወረደች። እኔና እሳቸው ከላይ ሆነን አየናት። ግንባሯን አለቱ ላይ አስደግፋ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ እየተቆጣች ለረዥም ጊዜ አወራችው። ድምፅዋ እየላላ፣ እየላላ ሄደ። በመጨረሻ አለቱን ሳመችና የወንድሜን ስም ጠራች። ከአርባው ወዲህ ስሙን ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።