እኩል ትንፋሽ

መጀመሪያ ያመመኝ ግራ ትከሻዬን ነው። መተማ ላይ የአንድ ትራክተር ቴስታታ፣ የሞተሩን ከባድ የብረት ክዳን፣ አውርጄ መልሼ ስገጥም ጠቅ አደረገኝ። የሸክም ነው ብዬ ናቅሁት። ያን ጊዜ፣ ደርግ ሳይወድቅ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ ገዳሪፍ የቆመ ትራክተር ሁሉ የእኔን እጅ ይጠብቅ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። የፈረንጅ ፊደል የለየሁት ከዘይት በርሜል ላይ ነው፤ አረብኛውን ከሰሊጥ ነጋዴዎች ለቀምሁት። እንዲህ ያለ ሰው ትከሻዬን አመመኝ ብሎ አይተኛም።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። አገራችን ቆላ ነውና ሁሉም ንዳድ ነው አለ፤ እኔም ክሎሮኪን ዋጥሁ። አልለቀቀኝም። ሕመሙ ወርዶ ከደረቴ አጥንት ሥር ተተከለ። እህል ጠላሁ። ባለቤቴ ውዴ ሱሪዬን በገመድ ማሰሬን አየችና፣ "የሞተሩንስ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን ያውቃሉ፤ የራስዎን ግን አይሰሙም" አለችኝ። ገመዱን አንድ ቋጠሮ ጨመርሁበት። 

ካርቱም ያደረሰኝ ሐጂ ኢድሪስ ነው፤ ትራክተሮቹን የምጠግንለት፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት እርሻ፣ ገዳሪፍ ቤት ያለው ሱዳናዊ። የሰሊጥ ጆንያ በጫነ መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፎ አስተኛኝ፤ መካኒክን በአገሩ ኡስታ ይሉታልና፣ መንገዱን ሁሉ "ኡስታ ከሞተ ትራክተሮቼን ሸጬ ግመል እገዛለሁ" እያለ ያስቀኝ ነበር። ሳቁ ደረቴን ይወጋኝ ነበር።

ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ ሱዳናዊ ነበር። ሆዴን በአልትራሳውንድ አየ። ጉበቴ በግራ በኩል መግል ቋጥሯል። አሜባ ነው። የላይኛው ዳርቻ ግን አልታየውም።

"መግሉ ከልብህ ከረጢት ሥር ነው" አለኝ። "ወደዚያ ከፈነዳ አንተን ማትረፍ ይከብደኛል። በመርፌ ልቀዳው እፈልጋለሁ። ዳርቻውን ሳላይ ግን መርፌ አልሰድም።"

ስለዚህ ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። በዚያ ዘመን ስሙን የሰማ እንኳ ጥቂት ነው። አንድ ትልቅ ቀለበት አለ፤ አልጋው ወደ ውስጡ ይገባል። የሚጠጣ መድኃኒት ሰጡኝ። ሌላውን በደም ሥሬ ለቀቁት፤ ሙቀቱ ከጉሮሮዬ እስከ ብሽሽቴ ወረደ። ሐኪሙ አሠራሩን አስረዳኝ። መኪናው ሰውነትን እንደ ግንድ እየከተፈ ምስል ያነሳል፣ አንድ ትንፋሽ ሲያዝ አንድ ቁራጭ። ጉበት ከትንፋሽ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። "ልብህን አቁም ልልህ አልችልም፤ ምስሉ መደብዘዙ አይቀርም። ጉበትህን ግን አንተው ታቆመዋለህ" አለኝ።

ይህማ እኔን ምን ያቅተኛል? በልጅነቴ ጓንግ ወንዝ ውስጥ ጠልቄ በመቆየት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ትንፋሽ ያዝ ሲሉኝ ጎድኔ እስኪላቀቅ ሳብሁ። በሚቀጥለው ከዚያ አስበልጬ ሳብሁ። ቆይቶ ሳል መጣ። ደረቴ ከዳኝ። ትንፋሼ አጠረ።

መኪናው ቆመ። ሐኪሙ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ መጣ። አልተቆጣም።

"ኡስታ፣ የግመል ሳንባ አለህ። ጉበትህ ግን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነው። ምስሎቹ አይጋጠሙም። ትልቅ ትንፋሽ አልጠየቅሁህም። እኩል ትንፋሽ ነው የጠየቅሁህ።"

ዓይኔን ጨፈንሁ። ከበርሜል ናፍታ በጎማ ቱቦ በአፉ የሳበ የቆላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልክ አለ። ካበዛህ ትውጠዋለህ፤ ካሳነስህ አይመጣም። ያን ልክ እኔ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ጎማው አፌ ላይ እንዳለ አሰብሁ። ሳብሁ። ያዝሁ። ለቀቅሁ። እንደገና ያንኑ። አልጋው ትንሽ ይገፋል፤ እኔ ያንኑ። በመጨረሻ ከመስታወቱ ወዲያ "ተማም"፣ ልክ ነው፣ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ምስሉን አሳየኝ። ልቤ ጠርዙ ተንቀጥቅጦ ደብዝዟል። መግሉ ግን ጥርት ብሎ ጠቁሯል። በሁለቱ መካከል ከሰሊጥ ቅጠል የማይወፍር ስስ ነገር ቀርቷል። ሐኪሙ ከታች የሚገባበትን መንገድ በእስክሪብቶ ቆዳዬ ላይ ምልክት አደረገ። መርፌው ገባ። አልተነቃነቅሁም። የወጣው መግል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ የአሜባውን መድኃኒት፣ ፍላጂል፣ እየዋጥሁ ገዳሪፍ በሐጂ ግቢ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቼ፣ ግመል የሚያዞረው የሰሊጥ መጭመቂያ ሲያቃስት እየሰማሁ፣ የጎማውን ነገር የነገርሁት ሐጂ ኪስራ፣ የሱዳኖቹን ስስ እንጀራ፣ እየቆረሰ "ብላ፣ የናፍታ ሌባ" እያለ ሲያጎርሰኝ ያሳለፍሁት ጊዜ ዛሬም ድረስ ይናፍቀኛል። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በቆመበት ሰሞን መተማ ስመለስ፣ ውዴ ከደጅ ተቀብላ መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን ወገቤን ነበር፤ ቀበቶ መታጠቄን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በቅርቡ አዲስ አበባ ልቤን በሲቲ ስካን አሳየሁ። የዛሬው መኪና ደረት ላይ በተለጠፈ ሽቦ የልብን ምት እየተከተለ፣ ልብ እየመታም ጥርት አድርጎ ያነሳዋል። ያነሳኝ ወጣት፣ "አባባ፣ እንዲህ እኩል የሚተነፍስ ሰው አይቼ አላውቅም" አለኝ። እኔም አላየሁም።

እናንተ ይህ ሕመም የያዛችሁ፣ ትኩሳት ሁሉ ንዳድ አይደለም። መድኃኒት ካልመለሰው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀለበቱ ውስጥ ስትገቡ ጉልበታችሁን ለማሳየት አትሞክሩ፤ እኔንም አልጠቀመኝም። የምትችሉትን ትንፋሽ ያዙ፣ ሁልጊዜም ያንኑ። ሐኪሙን፣ ሐጂንና ውዴን አፈር ይቅለላቸው። የዚያን ቀን ልክ አልጠፋኝም፤ ትንፋሽ ይያዙ በተባልሁ ቁጥር የናፍታው ሽታ ይመጣብኛል፣ ከእሱም ጋር ሦስቱ።