ሦስተኛዋ ነጥብ

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም፤ ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረች። እኛ ግን ከምሽጋችን ፊት ለፊት ስለነበረች «የፊቷ» እንላት ነበር። ከእኛ ወገን አንድ የመቶ ጦር ይዟት ነበር። የሬዲዮ ሠራተኛቸው ቶሎሳ የአርሲ ሮቤ ልጅ ነው፣ እኔ ደግሞ የጎበሳ። በአርሲነታችን ከማሠልጠኛ ጀምሮ ወንድማማቾች ሆነን ነበር።

ዛሬ አሰላ ውስጥ በትርፍ ጊዜያችሁ በሬዲዮ ሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ ምት፣ የምትለዋወጡ ወጣቶች ልማዱን ታውቁታላችሁ። «ሰባ ሦስት» ማለት መልካም ምኞት ነው፤ ተቀባዩም ሁለት ነጥብ መትቶ ይሰናበታል። በጦሩ ደንብ ክልክል ቢሆንም እኛም እናደርገው ነበር። ቶሎሳ ግን ሁልጊዜ ሦስት ነበር የሚመታው። «ሁለትማ የስስታም ነው» ይለኝ ነበር።

ንጋት ላይ ኮረብታዋ ተጠቃች። የድምፅ ሬዲዮው ታውኮ የቀረን ሞርስ ብቻ ነበር። ቶሎሳ «ጠብቅ» የሚለውን ምህጻረ ቃል ላከ። ከዚያ ዝም አለ። ጠብቅ ከተባልክ መስመሩን ለቀህለት መጠበቅ ነው። ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች።

አዛዣችን ሻምበሉ «ተይዛለች፤ መድፍ ይዘጋጅ» አለ። ያኔ «አትተኩሱ፣ እኛ ነን» የሚል መልእክት ጆሮዬ ገባ። አመታቱ ዘገምተኛ፣ የተቆራረጠ ነበር።

«ቶሎሳ ነው?» ሲል ሻምበሉ ጠየቀኝ።

የሰው አመታት እንደ ድምፁ ይታወቃል። «እጁ የእሱ አይመስልም፣ ሻምበል። ልፈትነው።»

«ፍጠን!»

«ሰባ ሦስት» ብዬ ላክሁ። መልስ የለም። ኮረብታዋን ጠላት ይዟት ከሆነ ከታች ያለነው ሁላችን አለቀልን። ሻምበሉ ታገሰ፣ አሁንም ታገሰ፣ በመጨረሻ አዘዘ። መድፉ ከኋላችን አጓራ። አረሩ ገና በላያችን እያፏጨ ሳለ ነጥቦቹ መጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አቁሙ! የእኛ ናቸው!» ብዬ ጮህሁ። መድፉ ቆመ። የተተኮሰው ግን አይመለስም።

እኩለ ቀን ላይ ኮረብታዋ ላይ ወጣን። በሕይወት ካገኘናቸው አንዱ ቁስለኛ «የቶሎሳን ቀኝ እጅ ጥይት መትቶት ነበር። በግራው ነው የመታላችሁ» አለን። ዘጠኝ ሬሳ አወረድን፤ ቶሎሳም ከእነሱ አንዱ ነበር። የትኛው በጠላት፣ የትኛው በእኛ እንደሞተ ለመለየት የደፈረ አልነበረም። ሻምበሉን አልወቅስም። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ ሮቤ ሄጄ እናቱን አጽናናሁ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አሉኝ።

«ቸር ሰንብቱ ብሏል» አልኳቸው።

ማን እንደገደለው አልጠየቁኝም።