ባለጋዋኑ ጉርድ ፎቶ

ልጄ ሕክምና ለመማር ልታመለክት ነው። ከቴፒ ሚዛን አማን ወዳለው ኮሌጅ ከመሄዳችን በፊት ጉርድ ፎቶ እንድትነሳ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ግድግዳው ላይ ለተመራቂዎች የሚከራይ ነጭ ጋዋንና የልብ ማዳመጫ ተሰቅሏል። ከሌሎቹ አመልካቾች ለየት ትበልልኝ ብዬ «በዪ ልበሺው» አልኳት።

«አባዬ፣ ገና አልገባሁም እኮ!»

«ትገቢያለሽ!» አልኩና በዚያው አስነሳኋት።

በማግስቱ ኮሌጁ ስንደርስ መዝጋቢዋ ፎቶውን አይታ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተር! ይሄ የተማሪ መስኮት ነው። የእርስዎ ጉዳይ በቀኝ በኩል ነው።»

ልጄ ልታርማት ስትል በክርኔ ጎሰም አደረግኳት። ገና በሩ ላይ «እርስዎ» የተባለችው የእኔ ልጅ ናት! ደረቴን ነፍቼ ወደ ቀኝ ወሰድኳት። ለካስ የሠራተኛ ቅጥር ክፍል ነው።

እዚያ የተቀመጡት ሰውዬ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያም ልጄን ከልባቸው እያዘኑላት ማመልከቻውን ሳይገልጡ መለሱላት።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ለሐኪም ክፍት ቦታ የለንም። ሰኞ ግን ለጥበቃ ማስታወቂያ እናወጣለን። ማልደው ይምጡ፤ ዶክተሮች ይሻሙበታል።»