የፀጉር ቆራጩ ግራ እጅ

ከረገጥኳቸው ኮረብታዎች ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ጥይት ያልተተኮሰበትን ነው። ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው የቁስለኞች ማገገሚያ ካምፕ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሰፈር ልጆች «ጋሽ ጀማል፣ እስቲ የጦርነቱን ነገር ንገሩን» ሲሉኝ ታንክና መድፍ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። እኔ ግን ሹፌር ነበርኩ። ጀግና ነበርኩ ብል የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው፤ ካየሁትም ደስ የሚለኝን አስቀድማለሁ።

በምሥራቁ ጦር ግንባር ላይ ነበርን። ትእዛዙ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰን፤ ሲነጋ ኮረብታው ይያዛል ተባለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መድፉ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። አራት ሰዓት ላይ ለቀቅን። እኔ ከታች መኪናዬን ይዤ ቁስለኛ እጭናለሁ። የሻምበላችን ፀጉር ቆራጭ በላቸው ግራ መዳፉን በቀኝ እጁ ጨምቆ እየሮጠ መጣ። ፍንጣሪ መዳፉን ቆርጦት ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ እጠፋቸው ቢባል እምቢ አሉት።

መኪናዬ አልነሳ አለች። ባትሪዋ ደክሟል። ሞተሩን በእጅ የምናዞርበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ከፊት ሰክቼ ማዞር ጀመርኩ። የድሮ ሹፌር ለጀማሪ አስቀድሞ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ማኖቬላ ሲያዝ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፣ ዞሮ አይጨብጥ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ብረቱ እጅህን ይዞት ይሄዳልና። በዚህ ጉዳይ ስንቱን ጀማሪ ተቆጥቻለሁ! ያን ቀን ግን ራሴ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። መታኝ። የቀኝ እጄ አንጓ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሞተሩም በዚያው ተነሳ። ወላሂ፣ ከሕመሙ ይልቅ ደስታው በለጠኝ።

«ማርሹን ማን ሊቀይርልኝ ነው?» አልኩ።

«እኔ አለሁ፣ ንዳ!» አለ በላቸው።

መሪው በእኔ ግራ እጅ፣ ማርሹ በእሱ ቀኝ እጅ ሆነ። ሰውዬው በሕይወቱ መኪና ነክቶ አያውቅም። «ሁለተኛ!» ስለው አራተኛ ያስገባል፣ መኪናዋ ትጮኻለች፣ ከኋላ ያሉት ቁስለኞች እኔንም እሱንም ይራገማሉ። አሥራ አራት ሰው ጭነን አሥራ ሦስቱን በሕይወት አደረስን።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሞች የበላቸውን የተበጠሱ ጅማቶች ሰፉለት፣ የእኔንም አጥንት ገጥመው በጀሶ አሰሩት። ከዚያ ወደዚያ ካምፕ ተላክን። በክፍላችን ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ጣቱን፣ አንዱ አንጓውን፣ አንዱ ክርኑን የተጎዳ። የምታዘን ሲስተር አልማዝ የምትባል ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን የሻለቃ የሆነ ነርስ ነበረች። የመጀመሪያ ትእዛዝዋ «ያበጠ እጅ ከልብ በላይ ይሰቀላል» የሚል ነው። ዘጠኛችንም እጃችንን በፋሻ ወደ ላይ አንጠልጥለን ተኛን። ሃምሳ አለቃ ጉተማ ዙሪያውን ቃኘና «ለጠላት እጅ ያልሰጠን ሰዎች ለሲስተር ሰጠን» አለ። ከግንባር ከተመለስን ወዲህ ያን ቀን መጀመሪያ ሳቅን።

ጉተማ ክርኑ ደርቆበት እጁ አፉ ጋ አይደርስም ነበር። በቅቤ የሚያሽ ወጌሻ ይፈለግልኝ ብሎ ቢያስቸግር ሲስተር ተቆጣች። «ክርን አይታሽም! ሲያሹት ይብሱን ይደርቃል። በራስህ ጉልበት፣ ቀስ እያልክ፣ በቀን አሥር ጊዜ ታጥፈዋለህ።» ሌሎቹን እርጥብ ፎጣ ታስጨምቃቸዋለች። ጣታቸው ለደነዘዘባቸው ደግሞ ምስር በትሪ አቅርባ ጠጠሩን አንድ በአንድ አስለቀመቻቸው። ታንክ የማረኩ ሰዎች ክብ ሠርተው ምስር ለቀሙ። ያለ ሐፍረት እናገራለሁ፣ ወታደር ቤት ጠጠር የሌለበት ወጥ የበላሁት እዚያ ብቻ ነው።

ምንም እንዳይሠራ የተከለከለው በላቸው ነበር። እጁ ከአንጓው ጎንበስ እንዳለ ከመዳፉ ጀርባ በኩል በጀሶ ተደግፏል። ሲስተር በየጠዋቱ ጣቶቹን በራስዋ እጅ አንድ በአንድ አጥፋ ትመልሳቸዋለች፤ እሱ ግን እንዲጨብጥ አትፈቅድም። «የተሰፋው ጅማት ገና አልጠናም። በገዛ ጉልበትህ ከጨበጥክ ይበጠሳል። ከተበጠሰ ደግሞ መልሶ የሚሰፋው መኖሩን እንጃ።»

በላቸው ኮተቤ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት ፀጉር ቤት ነበረችው። «መቀሱን የሚይዘው ቀኝ ነው፤ ፀጉሩን የሚያነሳው ማበጠሪያ ግን በግራ ነው የሚያዘው። ግራዬ ካልታጠፈች እኔ በቃ፣ ዘበኛ ነኝ» ይለኝ ነበር። እኔ ስለ አንጓዬ አልሰጋም፤ አጥንት ይጠገናል። ስለ እሱ ጣቶች ግን እፈራ ነበር።

ካድሬው የመጣብን በዚህ መሐል ነው።

ልጆች አታስታውሱም እንጂ ያኔ መፈክር ሲባል ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይነሳል። የካምፑ ካድሬ በየሰኞ ጠዋት ያሰልፈንና «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ያስብለናል። በላቸው ያቺን አንገቷን የደፋች እጁን ከእነጀሶዋ ያነሳታል። እውነቴን ነው፣ ደህና ሁኑ ብሎ የሚሰናበት ነው የሚመስለው።

«ጓድ በላቸው፣ አብዮቱን እየተሰናበትክ ነው?» አለ ካድሬው።

«ኧረ ጓድ፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው።»

ካድሬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፈሪ ሰው ከክፉ ሰው ያላነሰ ያስፈራል። ሐሙስ ከላይ አንድ ኮሎኔል ለጉብኝት ስለሚመጡ አንድም እጅ ሳይጨበጥ እንዳያዩ ፈለገ። ሲስተር ስለ ጅማቱ አስረዳችው። «ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ይጨብጥ፤ ከዚያ ይዘርጋ» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አለዚያ ስሙን ለመጻፍ እገደዳለሁ» አለ። በዚያ ዘመን ስም መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። በላቸው ከጨበጠ እጁን ያጣል፤ ካልጨበጠ ምን እንደሚያጣ አይታወቅም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስንመክር ዋልን። አንዱ ታሞ ይተኛ አለ፤ ካድሬው የታመመም ይሰለፋል ብሏልና አልሆነም። ጉተማ ሁላችንም ሳንጨብጥ እናንሳ አለ፤ ያ ደግሞ ዘጠኝ ስም ማስጻፍ ነው። በመጨረሻ እኔ «እኔና በላቸው አብረን መኪና ነድተናል፤ አብረን መፈክር ማሰማት ያቅተናል?» አልኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ጉተማ ካፖርት ሊፈልግ ተነሳ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ በሁለት ረድፍ ተሰለፍን። በላቸው ከፊት ቆመ፤ ሰፊ ካፖርት ለብሷል፣ የታመመች እጁ ከውስጥ ደረቱ ላይ ናት። እኔ እንዳልታይ ከኋላው ተለጥፌ በካፖርቱ ስር ግራ እጄን አሾልኬ በባዶው እጅጌ አወጣሁ። ከፊት ቁልፎቹን የቆለፈችለት ሲስተር ናት። «እኔ ያየሁት ነገር የለም» እያለች።

«ኢትዮጵያ ትቅደም!»

እጄ ከበላቸው እጅጌ ውስጥ ተወነጨፈች። እንደዚያ ያማረ ጭብጥ በካምፑ ታይቶ አይታወቅም። ያበላሸው ካድሬው ራሱ ነው። ደስታው ከልክ አልፎ ፀጉራቸው የሸበተውን ኮሎኔል እየመራ በላቸው ፊት አቆማቸው። «ይህ ጓድ፣ ጌታዬ፣ እስከ ሰኞ ድረስ መጨበጥ የማይችል ነበር!»

«ጎሽ። የትኞቹ ጣቶች ናቸው የተጎዱት?» አሉ ኮሎኔሉ።

«ሌባ ጣቴና የመሐል ጣቴ፣ ጌታዬ» አለ በላቸው።

«ዘርጋት እስቲ።»

ዘረጋሁ።

«ጨብጥ።»

ጨበጥኩ።

እኔ የማየው የበላቸውን ማጅራት ብቻ ነው። ኮሎኔሉ ወዲያው በጣም በለሰለሰ ድምፅ «በዚህ ብርድ አላበህ ልጄ። በል በዚያችው እጅህ ላብህን ጥረግ» አሉት።

ምን ላድርግ? ግንባሩ ይሆናል ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ አፍንጫው ውስጥ ገባሁ። ደንግጬ ወደ ላይ ብል ዓይኑን ወጋሁት። ወደ ጎን ስሸሽ ጆሮውን ያዝኩ። በላቸው «ቀስ በል!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ከኋላ «ይቅርታ!» አልኩት።

ሲስተር ዓይንዋን ጨፈነች። ካድሬው ፊቱ አመድ መሰለ። ኮሎኔሉ ካፖርቱን ገለጥ አድርገው ደረቱ ላይ ያለችውን በጀሶ የተደገፈች እጅ አዩ፣ አንገታቸውን አስግገው ደግሞ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሩ።

«ይህ ሰው ሁለት ግራ እጅ አለው። አንደኛውን ለአብዮቱ ሰጥቷል። ሌላውን ለሲስተርዋ ተውላት።»

እኛ ለመሳቅ ፈርተን ነበር። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ጉተማ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ካድሬውም ሳቀ፤ እንደ እሱ ከልቡ የሳቀ አልነበረም፤ ስም ከመጻፍ ተገላግሏልና።

ከሳምንታት በኋላ የበላቸው ጀሶ ተፈታ። ሲስተር አልጋው ላይ ተቀምጣ «አሁን አንተው እጠፋቸው» አለችው። ስምንታችን ዙሪያውን ቆመናል። ሌባ ጣቱ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደ መስገድ ብላ ጎነበሰች። የመሐል ጣቱ ተከተለች። አጨበጨብን፤ አንድ እጁ ገና ያልዳነው ጭኑን መታ። እኔም ጀሶዬ ተፈትቶ መዳፌ ወደ ላይ አልዞር ብሎኝ ነበርና ሲስተር መዶሻ በእጀታው ጫፍ አስይዛ በክብደቱ መዳፌን ቀስ በቀስ ታስዞረኛለች። የሁለታችን ልምምድ በአንድ ቀን ፍሬ አፈራ፤ ለዱዓ ሁለት መዳፌን ገልብጬ የከፈትኩ ዕለት በላቸው ማበጠሪያ ያዘ። መጀመሪያ የቆረጠው የእኔን ፀጉር ነው። ግራና ቀኙ አልተገናኘም፤ ለሦስት ሳምንት ቆብ አድርጌ ዞርኩ፤ ግን እንደዚያ ቀን ፀጉሬን ወድጄው አላውቅም። ቀጥሎ ካድሬው መጥቶ ተራ ያዘ።

የሐኪሞች ቦርድ ሲቀመጥ የበላቸው የመሐል ጣት ጫፏ ሙሉ በሙሉ ስላልተመለሰች ለግንባር አይሆንም ተባለ፤ በካምፑ ፀጉር ቆራጭ ሆኖ ቀረ። እኔን ከተማ ውስጥ መኪና ሰጡኝ። ጉተማን ጨምሮ አራቱ እጃቸው በሚገባ ድኗል ተብለው ወደ ሰሜን ታዘዙ። ከአራቱ አንድም አልተመለሰም። ከዘጠኛችን አምስት ቀረን፤ ዛሬ በሕይወት ያለነው እኔና በላቸው ብቻ ነን።

አራቱ የሄዱት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከመሳፈራቸው በፊት በላቸው ወንበሩን ባሕር ዛፉ ስር አውጥቶ አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። ጣቶቹ ገና ስለሚደክሙ በየመሐሉ እያረፈ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቆረጠ። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ የጉተማ ማጅራት ገና ነበር። በላቸው ሹፌሩን «ጠብቅ!» አለው፤ ሹፌሩም ጠበቀ።

ያኔ ጣቶቹን ያዳንነው ለኮተቤ ደንበኞቹ መስሎን ነበር። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፤ እሱ ዛሬም እኔን ይቆርጠኛል። ስለ አራቱ ስናነሳ ስለ ጀግንነታቸው ብዙ አያወራም። ማበጠሪያውን በግራ እጁ እንደያዘ ትንሽ ይቆምና «አምረው ነው የሄዱት» ይላል።