ጥብሱ እስኪደርስ

ባለቤቱ ባሕር አይቶ አያውቅም። የባኮ ሰው ነው፤ ግን አምቦ ላይ የከፈተውን የቤተሰብ ምግብ ቤት በመርከብ ቅርጽ አሠራው። አስተናጋጆቹ የካፒቴን ቆብ ያደርጋሉ፣ ልጆች መሪውን እኔ ላዙር እኔ ላዙር እያሉ ይጣላሉ። ከመሪው አጠገብ ኦርጋን ነበር። ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ከዋልኩ በኋላ እሱን ለመጫወት አንድ እሑድ እንድሞከር ተፈቀደልኝ። እንግዳው ካልወደደኝ ወደ ቤቴ ነው። አባቴ ደግሞ እኔን ቤት ውስጥ ማየት ሰልችቶታል።

ኦርጋን የተማርኩት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ለምግብ ቤቱ የሚሆኑትን ዘፈኖች በሳምንት አጠናኋቸው፤ ጣቶቼን ግን ማን ይንገራቸው? የመጀመሪያውን ዘፈን ስጨርስ በልማድ ወደ ዝግተኛው መዝጊያ ዜማ ገቡ፤ እኛ ጋ "እንጸልይ" ሲባል የሚመታው ማለቴ ነው።

ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ምግብ ዘገየ ብለው ሲያጉረመርሙ የነበሩት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኦርቶዶክሶቹም ለሰው ክብር ብለው ቆሙ። ከካቺሲ የመጡ ሽማግሌ በኦሮምኛ ጸሎት ጀመሩ፤ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለመንገዱ፣ ለተማሪው ሁሉ ጸለዩ። ማቆም ፈርቼ መምታቴን ቀጠልኩ። በቃ፣ አለቀልኝ ብያለሁ። "አሜን" ሲባል ጥብሱ እየተንጨሰጨሰ ወጣ፤ ስለ መዘግየቱ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም።

ባለቤቱ ወደ ጥግ ጠራኝ።

"ከወጥ ቤቱ በር እጄን ሳወጣ ያቺኑ ትመታለህ፤ ቶሌ?"

"ቶሌ፣ እሺ" አልኩ።

እንዲህ ተቀጠርኩ። ጥብስ ሲዘገይ አንዴ፣ ዓሣ ሲዘገይ ሁለቴ እንጸልያለን። ኅሊናዬ ይቆረቁረኝ ነበር፤ ግን አባቴ ለጎረቤት "ልጄ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው" ማለት ጀምሯል፣ እንዴት ብዬ ልተወው?

ከወራት በኋላ ከጉደር አንዲት ወጥ ሠሪ መጣች። እንግዳው ተደላድሎ ሳይቀመጥ ምግቡ ይደርሳል። የባለቤቱ እጅም ከበሩ አልወጣ አለ። ሦስት እሑድ በሩን ሳይ ዋልኩ፤ በአራተኛው አመስግኖ አሰናበተኝ፣ ለመሰናበቻም የሷን ጥብስ ጋበዘኝ።

በንዴት ላልበላ ነበር። ለጸሎት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ "አሜን" ሳልል ጥብሱ ፊቴ ደረሰ። ቀመስኩት። እኔም ብሆን እኔን አባርሬ እሷን አስቀር ነበር።