በስድስተኛው ቤት የቆመ ሠርግ

ወረታ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዳይሬክተሩ አንድ ቁልፍ አቀበሉኝና "ቤተ መጻሕፍቱ ያ ነው" ብለው ከዘበኛው ቤት አጠገብ ያለውን ክፍል በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከፍቼ ስገባ መደርደሪያ የሚባል ነገር የለም። መጻሕፍቱ በሣጥን እንደታሸጉ መሬት ላይ ተከምረዋል፤ የሥረኞቹን ምስጥ በልቶ አፈር አድርጓቸዋል። ተመልሼ ብነግራቸው "ታዲያ አንተን የቀጠርንህ ለምን ይመስልሃል?" አሉኝ። ጊዜው የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሥራውን በወጉ ያስተማረኝ ሰው የለም። ጎንደር ከተማ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቆሜ ያየሁትን ይዤ ነው የመጣሁት። እያንዳንዱን መጽሐፍ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማኅተም እመታበታለሁ። ጀርባው የተገነጠለውን በዱቄት ሙጫ አጣብቄ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ክፍሉ ይረጥባል፤ ያን ጊዜ መጻሕፍቱን ደጅ እያወጣሁ አሰጣለሁ፣ ፀሐይ ከተገኘ።

ትውልድ መቁጠር የጀመርኩት በውሰት ካርድ ምክንያት ነው። ካርዱ ላይ የተማሪው፣ የአባቱና የአያቱ ስም ይጻፋል። አንድ ቀን የሻረግ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ስሟን ብጠይቃት "የሻረግ ተገኘ፣ ተገኘ ካሴ፣ ካሴ መርሻ፣ መርሻ ደስታ፣ ደስታ ወልደ ገብርኤል" ብላ በአንድ ትንፋሽ ወረደችው።

"ሦስቱ ይበቃል" አልኳት።

"አባቴ ወልደ ገብርኤል ሳትደርሺ አትቁሚ ብሎኛል" አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ግን ካርዱን ገልብጬ ሁሉንም ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ተማሪ ሁሉ "ከዚያስ?" እያልኩ መጠየቅ ያዝኩ። ቅዳሜ ገበያ የሚመጡ ሽማግሌዎችን ጥላ ሥር አስቀምጬ አስቆጥራለሁ። በዓል ሲሆን እስከ አንበሳሜ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጽሐፉ ነው፤ ልቤ ግን ከሰዎቹ ዘንድ ሄደ።

ይህን ለዛሬ ወጣቶች ማስረዳት አለብኝ። በዚያ ዘመን በፎገራ ትውልድ መቁጠር የወግ ጉዳይ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በመወለድ ነው። መሬቱን ካቀናው አባት መወለዱን ያስቆጠረ ይካፈላል፤ ማስቆጠር ያቃተው ባዶውን ይቀራል። ጋብቻም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ቄስ አያጋባቸውም፣ አገርም አይቀበላቸውም።

የሻረግ ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ አባቷ ከቤት አዋሏት። አባቷ ባላምባራስ ተገኘ ይባላሉ፤ ከርብ ማዶ ሰፊ ርስትና ብዙ ከብት የነበራቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። እሷ ግን በገበያ ቀን መጽሐፍ መዋሷን አልተወችም። መዋሱን ሰበብ አድርጋ ከመምህር አዳነ ጋር ተዋወቀች። አዳነ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የደራ ሰው ሲሆን አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ሽማግሌ ላከ። ባላምባራስም ዘመዳሞች አለመሆናቸው ይቆጠር እንጂ እሺ ብለዋል ተባለ።

ቆጠራው በባላምባራስ ግቢ ተደረገ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ትይዩ ተቀመጡ፤ እኔ መሐል ሆኜ እጽፋለሁ። በየሻረግ በኩል እሷ አንድ ቤት፣ ባላምባራስ ሁለት፣ ካሴ ሦስት፣ መርሻ አራት፣ ደስታ አምስት፣ ወልደ ገብርኤል ስድስት። በአዳነ በኩል በእናቱ ሐረግ ሲወጣ ስድስተኛው ላይ ያው ወልደ ገብርኤል መጣ። የደራው ሽማግሌ ስሙን እንደጠራ ሠርጉ ቆመ። የሻረግ ከእልፍኙ በር ቆማ ትሰማ ነበር። አዳነ ቀና ብሎ አላያትም። የተጠመቀው ጠላ ለማኅበር ዋለ።

እኔን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የደራው ሽማግሌ የወልደ ገብርኤልን ልጆች በየስማቸው ሲዘረዝር ደስታን አልጠራም። "ረስተውት ይሆን?" ብዬ ኋላ ብቻውን ጠየቅሁት። "እኔ የማውቃቸውን ጠራሁ" አለኝ።

የባላምባራስ አክስት እማሆይ ወለተ ሐና ጉልበታቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብተው ነበር። የመርሻ ልጅ ናቸው፤ ደስታ አያታቸው ነው። እዚያው ሄድኩ። ከውሃው ወጥተው ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እማሆይ፣ ደስታ የወልደ ገብርኤል ልጅ ነው?" አልኳቸው።

"አያቴ ራሱ ነግሮኛል" አሉ። "እናቱ መንገደኛ ነበረች፤ እነወልደ ገብርኤል ደጅ ደርሳ ሞተች። እሱን ማደጎ አድርገው አሳደጉት። እንደ ልጅ አደገ፣ እንደ ልጅም ርስት በላ።"

"ይህንን ለሽማግሌዎቹ ቢነግሩልኝ ሠርጉ ይሆን ነበር።"

"ለአንተ ነገርኩህ። ለሽማግሌ አልናገርም። የወንድሜ ልጅ ቤት በኔ አፍ አይፈርስም፣ ልጄ።"

ተመልሼ የባላምባራስን የነፍስ አባት ጠየቅኋቸው። "ማደጎነት ስድስት ቤት ድረስ ወርዶ ጋብቻ አይከለክልም" አሉኝ። "ግን በሹክሹክታ አላጋባም። አባትየው በሽማግሌ ፊት ይናገር፤ እኔ ሥርዓቱን እፈጽማለሁ።"

ባላምባራስን ያገኘኋቸው ሜዳው ላይ ነው። ውሃው ሸሽቶ ጓያ የሚዘራበት ጊዜ ነበር፤ እርጥቡን መሬት በዱላቸው እየወጉ ሲመለከቱ ደረስኩ።

"ባላምባራስ፣ ደስታ የወልደ ገብርኤል የአብራክ ልጅ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ።"

"ከማን?"

"ከማን እንደሆነ አልናገርም። እርስዎ ግን ያውቃሉ።"

አልካዱም። ይህ እስካሁን ይገርመኛል። በዱላቸው ከርብ እስከ ዛፎቹ ያለውን ሜዳ አሳዩኝ። "ይህ ሁሉ የወልደ ገብርኤል ነው። ደስታ ልጁ ካልሆነ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ? ይህን በሸንጎ የተናገርኩ ዕለት ማን እንደሚከሰኝ ታውቃለህ? የአዳነ እናት ወንድሞች ናቸው። ልጄን ለልጃቸው ድሬ መሬቴንም ልሸኝላቸው?"

"የሻረግስ?"

"የሻረግ ትዳራለች። ወንድ አልጠፋም።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ወንድሞቿም አሉ። ነገ የሚያርሱት ሲያጡ የማን ልጆች ተብለው ይኖራሉ? እኔን ብቻ አትይ።"

በሚቀጥለው ገበያ የሻረግ መጣች። የተዋሰችውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

"ጋሼ፣ አዳነ ዘመዴ ነው?"

መዋሸት እችል ነበር። "አይደለም" አልኳት፤ ከእማሆይ ስም በቀር የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት።

"አባቴ ያውቃል?"

"ያውቃሉ።"

ፊቷ አልተለወጠም። "ሌላ መጽሐፍ ላውጣልሽ?" አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። ካርዷ ላይ "ተመልሷል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ተውሳ አታውቅም።

ለአዳነም ያንኑ ነግሬ ለመንኩት። "እውነቱን አንተም ታውቃለህ፣ እሷም ታውቃለች። ይዘሃት ሂድ። አገር ሰፊ ነው።"

"ያለ ምስክር ማን ያምነኛል?" አለኝ። "እናቴ ዘንድ ተመልሼ መግባት አልችልም። ልጆቼ ሲወለዱ የዘመድ ልጆች ይባላሉ። አንተ ወረቀትህ ላይ ደስታን መሰረዝ ትችላለህ፤ ከሰው አፍ ማን ይሰርዘዋል?"

የዝውውር ማመልከቻ አስገባ። ሩቅ አገር ደረሰው። የሄደ ቀን ጓዙን አውቶቡሱ ላይ ስጭንለት ሁለታችንም ስለ መንገዱ ብቻ ተነጋገርን። በዓመቱ የሻረግ ከጉማራ ወንዝ ማዶ ላለ የከብት ባለጸጋ ተዳረች። ሰውየው ባሏን ሳይሆን አባቷን ይመስል ነበር። እማሆይም በዚያው ክረምት አረፉ።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለት ዳይሬክተሮች ተለዋወጡ። አንዱ "ይህ የዘር ነገር ክርክር ያመጣብናል፤ ከትምህርት ቤት ግቢ አውጣልኝ" ብለውኝ ወረቀቶቼን ወደ ቤት ወሰድኳቸው። የሚያስቆጥሩኝ ሰዎች ግን እየበዙ ሄዱ። ወንድም ወንድሙን ሊከስ ይመጣል፣ የአጎት ልጅ የአጎቱን ልጅ ሊነቅል ይመጣል። ያየኋቸው ሁሉ የፈለጉት ለክርክር የሚጠቅማቸውን አባት ነበር። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን በፀሐይ፣ መደርደሪያዬ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ይህን ሁሉ ስም ለማን ብዬ ሰበሰብኩት እያልኩ እተክዝ ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። ርስት ቀረ። የባላምባራስ ሜዳ ለገበሬው ተሸነሸነ፤ ለእሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ተሰጣቸው። ትውልድ የሚያስቆጥር ሰው ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጠም።

አንድ ቀን ባላምባራስ ቤተ መጻሕፍቱ መጡ። አርጅተዋል፤ ማዕረጋቸውን የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። እኔ እንደ ዱሮዬ ጠርቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

"አሁን ጻፈው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ደስታ ማደጎ ነበር። ባላምባራስ ተገኘ ራሱ ተናግሯል ብለህ ጻፍ። አሁን የሚወስድብኝ የለም።"

ብዕሬን አነሳሁ፣ ግን አልጻፍኩም። "የሻረግ ከእርስዎ አፍ ሰምታለች?" አልኳቸው።

"ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሄጄ ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"ጥጆቹን ውሃ ላጠጣ ብላ ወጣች። እስኪመሽ ጠበቅኳት። ሳትመለስ ሄድኩ።"

አዳነ በዚያን ጊዜ በሄደበት አገር አግብቶ ልጆች ወልዶ እንደነበር ሰምቻለሁ። አልጻፍኩለትም። ምን ብዬ እጽፍለታለሁ? ባላምባራስ ያሉኝን ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ በደስታ ስም አጠገብ በንጹህ ቀለም ጻፍኩ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ያንን ወረቀት አሳየኝ ያለ አንድ ሰው አልመጣም።

ይህን ሥራ የምትይዙ ወጣቶች ካላችሁ የማውቀው ይህ ነው። ሰውን አባትህ ማነው ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ መልሱ ምን እንደሚያሳጣው እወቁ። እኔ ስሙን ሁሉ አውቅ ነበር። ይህን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባውቀውም ለየሻረግ የሚጠቅም አልነበረም።